ጠጠሩ የሁሉ፣ አቧራው የጥቂቶች

አንድ የወረዳ ምክር ቤት ወይም የአንድ ከተማ አስተዳደር ስለ ድንጋይ ካባ መስፋፋት ለመምከር ሲሰበሰብ፣ ጉዳዩ በመጀመሪያ እይታ የመሐንዲሶችና የገንዘብ ሰዎች ጉዳይ ይመስላል። ስንት ሄክታር ይጨመር፣ በቀን ስንት ገልባጭ መኪና ይመላለስ፣ ድማሚቱ በስንት ሰዓት ይፈንዳ፣ ለመንግሥት ካዝናስ ስንት ይገባል የሚሉት ጥያቄዎች ይነሣሉ። እነዚህ ቁጥሮች ተደምረውና ተቀንሰው ካለቁ በኋላ ግን ከጠረጴዛው ላይ የማይነሣ አንድ ነገር ይቀራል፤ ይኸውም ከካባው አጥር ማዶ የሚኖሩ ሰዎች ለሌሎች ጥቅም ሲባል ምን ያህል እንዲሸከሙ መጠየቅ ይገባል የሚለው ነው። ይህ በመለኪያ መሣሪያ የሚፈታ አይደለም። የፍትሕ ጥያቄ ነውና ኅሊናን ይጠይቃል።

በዚህ መጽሔት ስለ ካባ መጻፋችን የሚያስገርማቸው አንባብያን ይኖሩ ይሆናል። ሆኖም በየከተማው ዳርቻ ያሉትን ቁምስናዎቻችንን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ሩቅ እንዳልሆነ ይመሰክራል። ትናንት የእርሻ ማሳ የነበረው ዛሬ መንደር ሆኗል፤ ከመንደሩ ጀርባ ያለው ኮረብታ ደግሞ በየዓመቱ እየተቈረሰ ነው። በበጋ ወራት የቤተ ክርስቲያኑን መስኮት ዘግቶ መቀደስ ግድ የሚሆንበት ቦታ አለ። ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች የፍንዳታው ፊሽካ ሲነፋ ትምህርቱን አቋርጠው ሕፃናቱን ይዘው ይጠብቃሉ። ምእመናንም ወደ ካህናቱ እየመጡ፣ «አባ፣ ይፈርሙልን» ይላሉ፤ አንዱ ወገን ካባው እንዲዘጋ፣ ሌላው ወገን የልጆቹ እንጀራ ከዚያ ነውና እንዲሰፋ። ሁለቱም ወገኖች ከአንድ መሠዊያ የሚቈርቡ ናቸው። እንዲህ ያለውን ነገር «የመንግሥት ሥራ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻለንም።

ከሁሉ አስቀድሞ ለጠጠሩ ራሱ ትክክለኛ ፍርድ መስጠት ይገባል። ጠጠር የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ከአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ አሸዋና ጠጠር ነው፤ ሲሚንቶው እነርሱን የሚያያይዝ ሙጫ ነው ቢባል ይቀላል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ፣ ዓለም በየዓመቱ 50 ቢሊዮን ቶን ያህል አሸዋና ጠጠር እንደሚጠቀምና ከውኃ ቀጥሎ በብዛት የሚወሰደው የተፈጥሮ ሀብት ይኸው መሆኑን አመልክቷል። የምንቀድስበት ቤት፣ እናቶች የሚወልዱበት ክሊኒክ፣ ልጆች የሚማሩበት ክፍል ሁሉ የአንድ ኮረብታ ሥጋ ነው። በሀገራችንም የጥርብ ድንጋይ መንገድ ሥራ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ሺህ ወጣቶች በየከተማው መዶሻ ይዘው እንጀራ አግኝተዋል። ካባን እንደ ርኩስ ነገር የሚያወግዝ ሰባኪ ቢኖር አስቀድሞ የቆመበትን ወለል ይመልከት።

ታዲያ ካባ ከመኖሪያ ሰፈር አጠገብ የሚሆነው ለምንድን ነው? መልሱ ቀላል ነው። ጠጠር ክብደቱ ብዙ፣ ዋጋው ትንሽ የሆነ ሸቀጥ ነው። ወርቅ ከሩቅ አገር በአውሮፕላን ቢመጣ ያዋጣል፤ ጠጠር ግን ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮችን ከተጓዘ የመኪናው ኪራይ ከድንጋዩ ዋጋ መብለጥ ይጀምራል። ስለዚህ ካባ ሁልጊዜ ከተማን ይከተላል። ከተማውም በተራው፣ በዚያው ካባ ጠጠር እየተሠራ፣ ወደ ካባው ይሰፋል። ሁለቱ አንድ ቀን መገናኘታቸው ድንገተኛ አደጋ አይደለም፤ የመጀመሪያው ድንጋይ በተፈነቀለበት ዕለት የታወቀ ነገር ነው። ባለ ሥልጣናት «ማን አውቆ ነበር» ለማለት የማይችሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

የጎረቤቶች አቤቱታም ሁሉ እኩል ክብደት እንደሌለው በቅንነት መናገር ይገባል። የፍንዳታ ድምፅ ያስደነግጣል፤ የጭቃ ቤት ግድግዳም ሊሰነጥቅ ይችላል። ቅጠል ላይ ተኝቶ የሚታየው ነጭ አቧራ ያስቈጣል። ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚከፋው ዓይን የማያየው ነው። ብዙ ዓይነት ድንጋይ ሲሊካ የተባለ ማዕድን ይዟል፤ ድንጋዩ ሲፈጭ ከሚነሣው ብናኝ እጅግ ደቃቁ ወደ ሳንባ ጠልቆ ይገባና በዚያ ይቀራል። ከዚህ የሚመጣው ሲሊኮሲስ የተባለው በሽታ ፈውስ የለውም። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅትም በሥራ ቦታ የሚተነፈሰውን የሲሊካ ብናኝ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጡት ነገሮች መካከል የመደበው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። የሲሊካው መጠን እንደ ድንጋዩ ዓይነት ይለያያል፤ ስለዚህ «የዚህ ኮረብታ ድንጋይ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የወሳኙ ባለ ሥልጣን የመጀመሪያ ሥራ ሊሆን ይገባል። ይህ ጥያቄ ሳይነሣ የሚፈረም ፈቃድ ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ዘወትር የሚረሳ ሰው አለ። ከማንም በላይ ያንን ብናኝ የሚተነፍሰው ጎረቤቱ ሳይሆን ክሬሸሩ ሥር አፉን በሻሽ ሸፍኖ የሚቆመው የቀን ሠራተኛ ነው። ሻሽ ደግሞ ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም። ካባውን ሲያወግዙ ውለው የዚያን ልጅ ሳንባ አንድ ጊዜ እንኳ የማያነሡ አቤቱታ አቅራቢዎች አሉ፤ «የወጣቶች የሥራ ዕድል» እያለ ካባውን የሚያወድሰው ወገንም ቢሆን ያንን ልጅ የሚያነሣው ቁጥር ለማሟላት ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንደሚባለው ነው።

ነገሩን በአንድ በታወቀ ምሳሌ እንመልከተው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር፣ በሪቨርሳይድ አውራጃ ደቡባዊ ጫፍ፣ ቴሜኩላ የምትባል አንድ መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ አለች። ግራናይት ኮንስትራክሽን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከከተማይቱ አጠገብ ባለው ተራራ ላይ በዓመት እስከ 5 ሚሊዮን ቶን ድንጋይ የሚያወጣ፣ ለ75 ዓመታት የሚቈይ ካባ ለመክፈት አመለከተ። ክርክሩ ሰባት ዓመት ፈጀ። የኩባንያው አስተያየት በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። ከዚያ በስተ ደቡብ ያለው የሳንዲያጎ አካባቢ ጠጠር ከሩቅ በመኪና ያስመጣል፤ ካባው ቢቀርብ የመኪናው ጉዞ ያጥራል፣ ጢሱም ይቀንሳል፤ ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ሥራ ያጡ ብዙ ሰዎችም ሥራ ያገኛሉ ይል ነበር። ነዋሪዎቹ በበኩላቸው ነፋሱ ብናኙን ወደ ቤታቸው እንደሚያመጣ፣ በተራራው ግርጌ ዩኒቨርሲቲ ለጥናት የሚጠብቀው የወንዝ ዳር የተፈጥሮ ሥፍራ እንደሚጎዳ ተናገሩ። ፔቻንጋ የተባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ደግሞ ተራራው አባቶቻቸው ከፍጥረት አጀማመር ጋር አያይዘው የሚያከብሩት ቅዱስ ሥፍራ መሆኑን አስረዱ።

የአውራጃው የፕላን ኮሚሽን ረጅም የሕዝብ ውይይት ካካሄደ በኋላ በ2011 ማመልከቻውን ውድቅ አደረገ። ኩባንያው ይግባኝ አለ። በየካቲት 2012 እ.ኤ.አ. አምስት አባላት ያሉት የአውራጃው የአስተዳዳሪዎች ቦርድ በ3 ለ2 ድምፅ ውሳኔውን አጸና። አንድ ድምፅ ቢገለበጥ ኖሮ ተራራው በፈረሰ ነበር፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት ዕቅዱን አሳንሶ እንደገና አመለከተ። ጉዳዩ በእውነት የተቋጨው በኅዳር ወር የፔቻንጋ ሕዝብ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ መሬቱን ሲገዛና ኩባንያው ከአካባቢው እንዲወጣ ሲስማማ ብቻ ነው።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ብዙ የሀገራችን ልጆች በሚኖሩባት በሲያትል አጠገብ፣ በማውሪ ደሴት የሆነውም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በዚያ ከቀድሞ ጀምሮ በመጠኑ ጠጠር ይወጣበት የነበረ ካባ ነበር፤ ባለቤቱ ኩባንያ በ1990ዎቹ መጨረሻ እጅግ አስፍቶ በመርከብ ለመጫን ፈለገ። የደሴቲቱ የላይኛው አፈር ግን ከባሕሩ ማዶ በታኮማ ከነበረውና በ1980ዎቹ አጋማሽ ከተዘጋው የመዳብ ማቅለጫ ጭስ በወረደ አርሴኒክ የተበከለ ነበርና ነዋሪው ተቃወመ። በ2009 አንድ የፌዴራል ዳኛ የመርከብ መጫኛውን ሥራ አስቆሙ፤ በ2010 መጨረሻ ኪንግ አውራጃ ቦታውን በ36 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ዛሬ የተጠበቀ የተፈጥሮ ሥፍራ ነው።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች የሚያነብ ሰው «ሕዝቡ አሸነፈ» ብሎ ደስ ሊለው ይችላል። እኛ ግን ሌላ ነገር እናያለን። በሁለቱም ቦታ የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ፍርድ ሳይሆን ገንዘብ ነው። ተራራው የተረፈው ሊገዛው የሚችል ሰው ስለ ነበረ ነው። ሊገዛ የማይችል መንደር ቢሆንስ ኖሮ? ጥያቄው ወደ እኛ ሲመጣ ይብስበታል። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የዚህን ድንጋጌ በጎነትና ጕድለት መመርመር የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። አንድ ነገር ግን ከእርሱ ይከተላል፤ በእኛ አገር ማንኛውም ሰፈር ገንዘብ አዋጥቶ ኮረብታውን መግዛት አይችልም። እዚያ የሚሰማው የገንዘብ ድምፅ እዚህ ሲጠፋ ለነዋሪው የሚቀረው የወሳኙ ጆሮና የወሳኙ ኅሊና ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ የወረዳ ሹም ከካሊፎርኒያው አስተዳዳሪ ይልቅ ከባድ ሸክም አለበት ብንል ማጋነን አይሆንም። እዚያ ሹሙ ቢሳሳት የሚያርመው ገዢ ሊገኝ ይችላል፤ እዚህ ሹሙ ከተሳሳተ ኮረብታው አለቀ።

ወሳኞቹ ዘወትር የሚያቀርቡት ምክንያት «የብዙኃን ጥቅም» የሚለው ነው። መንገዱን ሃምሳ ሺህ ሰው ይሄድበታል፣ አቧራው የሚያገኘው ግን ሃምሳ ቤተሰብ ነው ይላሉ። ይህ ስሌት የሚያሳምን ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል። ብዙ ሰዎች ከሥራ ወደ ቤታቸው አሥር ደቂቃ ቀድመው መድረሳቸው ጥቅም ነው። የእያንዳንዳቸው አሥር ደቂቃ ቢደመር ግን የአንዲት ሕፃን ጤነኛ ሳንባ አይሆንም። ምቾት ከምቾት ጋር ይደመራል፤ ሕይወት ግን ከምቾት ጋር አይደመርም፣ አይቀነስምም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ስለ ፍትሕ ሲያስተምር፣ በሁለት ሰዎች መካከል ስለሚደረገው ልውውጥ ካለው ፍትሕ ሌላ፣ የማኅበረሰቡን የጋራ ነገር ለአባላቱ የማከፋፈል ፍትሕ እንዳለ ያሳየናል፤ ይህ ሁለተኛው በተለይ የገዢዎች ግዴታ ነው። የምናከፋፍለው ደግሞ በረከቱን ብቻ አይደለም፤ ሸክሙንም ጭምር ነው። በካባ ጉዳይ የሚሆነው ምንድን ነው? ጥቅሙ ስስ ሆኖ በብዙዎች ላይ ይነጠፋል፤ ሸክሙ ወፍራም ሆኖ በጥቂቶች ላይ ይከመራል። የጋራ ጥቅም የሚባለው ከጥቂቶች ተቀንሶ ለብዙዎች የሚደመር ሒሳብ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ጥቂቶች የማኅበሩ አባላት መሆናቸው በቀረ ነበር፤ «የጋራ» የሚለው ቃልም ከእነርሱ በቀር የሌሎች ሁሉ ማለት በሆነ ነበር።

ይህ ማለት ጥቂቶች ምንም ሸክም አይሸከሙ ማለት አይደለም። ሁሉም ሰው የሆነ ቦታ የሌላውን ጥቅም ይሸከማል፤ አንዱ ከገበያ አጠገብ፣ ሌላው ከአውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ፣ ሌላው ከወፍጮ ቤት አጠገብ ይኖራል። መለየት ያለበት ሊቀንስ የሚችለው ሸክም ተቀንሷል ወይስ ገንዘብ ለማዳን ሲባል እንዳለ ተትቷል የሚለው ነው። ክሬሸሩን በውኃ መርጨት፣ የመኪናዎቹን ጭነት በሸራ መሸፈን፣ በካባውና በቤቶቹ መካከል ዛፍ የተተከለበት ሰፊ ቦታ መተው፣ ለሠራተኛው እውነተኛ የአፍንጫ መከላከያ መስጠት፣ ይህ ሁሉ በአንድ ሜትር ኩብ ጠጠር ላይ ጥቂት ብር ይጨምራል። ያንን ጥቂት ብር መንገዱን የሚጠቀመው ሁሉ ይከፍለዋል፤ ለማንም አይከብድም። ካልተከፈለ ግን ዋጋው አይጠፋም። ርካሹ ጠጠር ርካሽ የሆነው ቀሪውን ሒሳብ ጎረቤቱና የቀን ሠራተኛው በሳንባቸው ስለሚከፍሉ ነው።

ሌላው ክርክር «ካባው ከእናንተ በፊት ነበረ» የሚለው ነው። ይህን ክርክር ማናናቅ አይገባም። ካባ አጠገብ መሆኑን እያወቀ በዚያ ምክንያት በርካሽ ቦታ ያገኘ ሰው፣ በማግሥቱ ካባው ይዘጋልኝ ቢል ፍትሐዊ አይመስልም። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ይታሰቡ። የመጀመሪያው፣ ድሃ ሰው የሚሰፍርበትን ቦታ በእውነት ይመርጣል ወይ የሚለው ነው። በአዲስ አበባ ረጲ አካባቢ ያለው ቆሼ የተባለው የቆሻሻ ክምር ሃምሳ ዓመት ያህል ያገለገለ ነበር፤ ከተማው እየሰፋ ከበበው፣ ድሆችም በሥሩ ጎጆ ቀለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ከክምሩ በኋላ የመጡ መሆናቸው እውነት ነው። ይህን እውነት በቀብራቸው ላይ ቆሞ ሊናገር የሚደፍር ማን ነው? ሁለተኛው ነገር ደግሞ በቀጥታ የመስፋፋትን ጉዳይ ይመለከታል። ቀድሞ መገኘት መብት ይሰጣል ብንል እንኳ መብቱ ለነበረው መጠን ነው። አምስት ሄክታር ካባ አጠገብ ቤት የሠራ ሰው ተስማምቷል ከተባለ የተስማማው ለአምስቱ ነው፤ ለሃያው አልተጠየቀም። መስፋፋት አዲስ ሥራ ነው፤ በዚያ አዲስ ሥራ ፊት ቀድሞ የተገኘው ቤቱ ነው። ይህን ቀላል ልዩነት የሚያስተውል ጉባኤ ብናገኝ ደስ ይለናል፤ አብዛኛውን ጊዜ የአሮጌው ፈቃድ ቀን እየተጠቀሰ ለአዲሱ ማኅተም ይመታበታል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስለ መደማመጥ ነው። ሕጎቻችን በዚህ ረገድ ዲዳ አይደሉም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚመለከተው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ እንዲመክርና አስተያየቱን እንዲሰጥ መብት ይሰጠዋል፤ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የግምገማው ዘገባ ለሕዝብ እንዲቀርብና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። የቀድሞው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው፣ እንዲህ ያለው ግምገማ ዕቅዱ ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ ሳይሆን ከመጀመሪያው የሚጀመር፣ ከገንዘብና ከሥልጣን ጫናም ነጻ የሆነ እንዲሆን፣ የአካባቢው ነዋሪም በምክክሩ ልዩ ሥፍራ እንዲሰጠው አሳስበዋል። በተግባር የምናየው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ሕዝቡ ለስብሰባ ይጠራል፤ መሐንዲሱ ማንም የማይገባውን ሥዕል ያሳያል፤ ሻይና ዳቦ ይቀርባል፤ የውሎ አበል ካለ ይታደላል፤ ሰዉም መገኘቱን ለማስታወቅ ስሙን ጽፎ ይፈርማል። ከወራት በኋላ ያው የስም ዝርዝር «ሕዝቡ የተስማማበት» ተብሎ ከማመልከቻው ጋር ተያይዞ ይገኛል። የእኛ ሰው ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እያለ ያደገ ነውና ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ ፈቃድ ይቈጠርበታል።

የናቡቴ ታሪክ በዚህ ሥፍራ ትዝ ይለናል፤ ቅዱስ አምብሮስዮስ በአራተኛው መቶ ዘመን በሚላኖ አንድ ሙሉ መጽሐፍ የጻፈበት ታሪክ ነው። ካባ የሚያስፋፋ ሁሉ አክዓብ ነው ማለታችን አይደለም፤ እንዲያውም አክዓብ በመጀመሪያ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ዋጋውን በገንዘብ እሰጥሃለሁ ማለቱን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። እኛን የሚያሳስቡን ንጉሡና ንግሥቲቱ ሳይሆኑ የከተማይቱ ሽማግሌዎች ናቸው። በንጉሡ ማኅተም የታተመ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ደብዳቤው የሚለውን ሁሉ አደረጉ። ጾም ታወጀ፣ ጉባኤ ተሰበሰበ፣ ሁለት ምስክሮች ቀረቡ፣ ፍርድ ተሰጠ። ሥርዓቱ አንድም አልጐደለበትም። ናቡቴን ያውቁት ነበር፤ በአንድ ከተማ አብረውት ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱ መካከል «ይህ ሰው ምን አደረገ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልተገኘም። መዝገቡ የተሟላ መሆኑ ፍርዱ የቀና ለመሆኑ ማረጋገጫ ሊሆን እንደማይችል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አናውቅም። ዛሬም ከበላይ የመጣ ደብዳቤ በእጁ የያዘ የቀበሌ ወይም የወረዳ ሹም፣ «እኔ አስፈጻሚ እንጂ ወሳኝ አይደለሁም» ሲል እንሰማዋለን። የእነዚያ ሽማግሌዎች መልስ ይህ ሳይሆን አልቀረም።

ስለ ባለ ሥልጣናቱ ይህን ያህል ካልን፣ ስለ ነዋሪዎችም ጥቂት ማለት ይገባናል። «ከእኛ አጠገብ አይሁን» ማለት ብቻውን ፍትሕ አይደለም። ቴሜኩላ አጠገብ ያለው ተራራ ተረፈ፤ የሳንዲያጎ መንገዶችና ቤቶች ግን መሠራታቸውን አላቆሙም፤ ጠጠሩ ከሌላ ኮረብታ ይመጣል። ከዚያ ኮረብታ ሥር ደግሞ ሌሎች ሰዎች አሉ። የእኛ ሰፈር ከፍ ያለ ድምፅ ያላቸው ሰዎች፣ የተማሩ ልጆች ወይም በቢሮ የሚያውቁት ዘመድ ስላለው ካባው ወደ ማዶኛው ሰፈር ቢዛወር፣ ሸክሙ አልቀለለም፤ ተሸካሚው ተቀየረ እንጂ። በተለይ ክርስቲያን ነን የምንል ሰዎች አቤቱታችንን ስንጽፍ «ከዚህ ይነሣ» ከማለት አልፈን፣ የትም ቢሆን በምን ሁኔታ ሊሠራ እንደሚገባው ብንጽፍ፣ የማዶኛው ሰፈርም የክሬሸሩ ሠራተኛም በደብዳቤያችን ውስጥ ቦታ ይኖራቸዋል። በየቁምስናው ያሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ በሕዝቡም የሚታመኑ ናቸውና የግምገማውን ዘገባ ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቀው አግኝተው ለጎረቤቶቻቸው በሚገባቸው ቋንቋ ቢያነቡላቸው ትልቅ አገልግሎት ነው። ይህን ለማድረግ የማንንም ወገን መያዝ አያስፈልግም፤ ካባው እንዲሰፋ የሚፈልገውም አባት ልጁ ምን እንደሚተነፍስ የማወቅ መብት አለው።

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ እርሱም ጉድጓዱ ነው። በምክክሩ ጊዜ ሁሉም ሰው የሚናገረው ካባው ሥራ ላይ ስለሚሆንባቸው ዓመታት ነው። ድንጋዩ አልቆ ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ስለሚቀረው ገደል የሚያነሣ አይገኝም። በክረምት ውኃ ይሞላል፤ እረኞችና የሰፈር ልጆች ይዋኙበታል፤ በየዓመቱ ከእንዲህ ያለ ኩሬ የልጅ አስከሬን ሲወጣ በየቦታው እንሰማለን። ከዚያ በኋላ የቆሻሻ መጣያ ይሆናል። የምክር ቤት አባል የሚመረጠው ለአምስት ዓመት ነው፤ ካባው ሃያና ሠላሳ ዓመት ይቈያል፤ ጉድጓዱ ደግሞ ከሁሉም በኋላ ይኖራል። ፈቃዱን የፈረመው ሰው በዚያን ጊዜ በሌላ ቢሮ ወይም በጡረታ ላይ ነው፤ ድርጅቱም ስሙን ቀይሮ ወይም ፈርሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጉድጓዱን የመሙላት፣ የማጠርና አፈር መልሶ ዛፍ የመትከል ወጪ መያዝ ያለበት በመጨረሻው ቀን ሳይሆን የመጀመሪያው መኪና ከመጫኑ በፊት ነው፤ ገንዘቡም ከድርጅቱ ሒሳብ ተለይቶ፣ ድርጅቱ ሊያወጣው በማይችልበት ባንክ ይቀመጥ። መስፋፋትም ሲጠየቅ አዲሱ ሄክታር ከመሰጠቱ በፊት አሮጌው ጉድጓድ ምን እንደ ሆነ በእግር ሄዶ ማየት ይበቃል። ለዚህ ባለ ሙያ መጥራት አያስፈልግም፤ ምክር ቤቱ ከስብሰባው በፊት በአንድ ጠዋት ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው፤ የሚኼደውም በእግር ስለሆነ የውሎ አበል አይጠይቅም።